የሳይበር ደህንነት በጀት ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከራሴ ልጀምር። ጅማ ውስጥ፣ አንድ የቡና ድርጅት አይቲ እያለሁ 14 ገጽ የበጀት ጥያቄ ይዤ ገባሁ። ፋየርዎል፣ ራንሰምዌር፣ ምን ያልጻፍኩት አለ! ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛው ገጽ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለቡናው ምን ያደርግለታል?» ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ ማውራት። አለቃ የሚገባው ቀንና ብር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ይዤ ሄድኩ። ኅዳር ላይ፣ ቡናው በሚጎርፍበት ሰሞን፣ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተር በቫይረስ ለሦስት ቀን ቢቆለፍስ? ለየትኛው አቅራቢ ስንት እንዳለብን ማን ያውቃል? የጭነት መኪናው ቆሞ ይከፈልበታል። ሒሳቡን ብቻዬን አልሠራሁትም፣ ከፋይናንስ ኃላፊዋ ጋር ቁጭ ብለን ነው ያወጣነው። የአይቲ ቁጥር ይጠረጠራል፤ ፋይናንስ ያመነበት ግን ይደመጣል።

ሁለተኛው ማስፈራራት ነው። «ሃከር ሊበላን ነው» ብላችሁ ዓመቱ በሰላም ካለፈ፣ ከርሞ ማንም አይሰማችሁም። ስሌት ይሻላል። ለምሳሌ የሦስት ቀን መቆም 600 ሺህ ብር የሚያስከፍል፣ በ5 ዓመት አንዴ የሚደርስ ከሆነ፣ በዓመት 120 ሺህ ብር ነው። ጥበቃው አደጋውን በግማሽ ቢቀንሰው 60 ሺህ ያድናል። እንግዲህ 200 ሺህ ብር አትጠይቁ!

ሦስተኛው፣ የሩቅ ታሪክ አምጥቶ እዚያው መተው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ድርጅቱን ማርስክን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር አክስሮታል። አለቃዬ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም። የኔትወርኩ ወሳኝ መረጃ ቅጂ የተረፈው ግን ጋና በሚገኝ ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው ስላቸው ሳቁ። «እንግዲያማ እኛን ማን ይነካናል?» አሉ፤ የጅማን መብራት ያውቁታላ። «የእኛ ቅጂስ የት ነው?» አልኳቸው። ተነስተው ሄዱና መሳቢያ ከፈቱ። ቅጂው ያለበት ፍላሽ እዚያው ኮምፒውተሩ ሥር፣ ከማስቲካና ከድሮ ደረሰኝ ጋር ተኝቷል።

ሕጉንም አትዝለሉ። የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ የምትይዙ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከጀመረ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የመጨረሻው፣ «ሁሉንም ወይም ምንም» ማለት። ሦስት አማራጭ አቅርቡ፤ ምንም ባይደረግ፣ መካከለኛውና ሙሉው። እያንዳንዱ ሥር የሚቀረውን አደጋ ጻፉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ኮድ መጠየቅን) እና ዊንዶውስ አፕዴት ማድረግን የመሰለውን ብር የማይጠይቅ ነገር ግን አስቀድማችሁ ጨርሱ። አለበለዚያ «ነፃውንስ ሠራችሁት?» ትባላላችሁ። ደርሶብኛል።

አለቃዬ የፈረሙት መካከለኛው ላይ ነው። ሁለተኛው ቅጂ አሁን ሄርማታ ካለው ቢሮ ወጥቶ ቆጪ ሰፈር ባለው መጋዘን ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።