ለ10 ቀን የገባ እንግዳ በ10 ቀኑ እንዲወጣ

ጅማ ውስጥ ግቢያችን ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአጭር ጊዜ አከራያለሁ። ኅዳር ላይ ቡና ገዢዎች ይመጣሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞን ደግሞ ወላጆች አልጋ ፍለጋ ይንከራተታሉ። አንዱ ነጋዴ ለ10 ቀን ብሎ ገብቶ የወጣው የካቲት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

መታወቂያውን ፊትና ጀርባውን በስልክ ያንሱ። «ነገ አመጣለሁ» ካለ ቁልፉም ነገ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ ውል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠውን የቤት ኪራይ ውል አይሙሉ። እሱ የተዘጋጀው ለነዋሪ ተከራይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ፈቃድ አውጥተው በራስዎ ወረቀት ይዋዋሉ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፍ ይሻላል። ሁለት ምስክር ያስፈርሙ።

የመውጫውን ቀን ከነወሩ፣ ከነዓመቱ፣ ከነሰዓቱ ይጻፉ። የኔ ወረቀት «እስከ 20» ብቻ ይል ነበር። ኅዳር 20 ደርሶ ክፍሉን ስጠይቀው «እትዬ፣ የቱ 20? ወሩ የታለ?» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሞኟ አብሬው ሳቅሁ።

ዋናው ጣጣ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ብር ነው። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና እያፈላ «የዛሬን እንኪ» ይለኛል። እቀበላለሁ። ተጠቀምኩ ብዬ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የኪራዩ ጊዜ አልቆ፣ አከራይ እያወቀ ሳይቃወም ተከራዩ ከቆየ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጥረዋል። በየቀኑ ብር እየቆጠርኩ ውሉን የማድሰው እኔው ራሴ ነበርኩ!

ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ ቀን ያለው ወረቀት ይፈረም፣ ከዚያ ብር። ሳይነግርዎት በቴሌብር ቢልክ እዚያው «ይህ ያደሩበት ሒሳብ ነው፤ ውሉ አልታደሰም፤ ክፍሉን ያስረክቡ» ብለው መልእክት ይላኩለት። አይሰርዙት፣ ማስረጃዎ ነው። በቃል መጨቃጨቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

እምቢ ካለ ቁልፍ አይቀይሩ፣ መብራት አይቁረጡ፣ ዕቃውን ደጅ አያውጡ። ከሳሽ መሆን ሲገባዎት እርስዎው ተከሳሽ ይሆናሉ። እኔ ቁልፍ ቀያሪ ጠርቼ ነበር፤ ጎረቤቴ ናት ከበር የመለሰችው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በምስክር ፊት ይስጡ፣ ሽማግሌ ይላኩ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው።

የኔው በሦስት ሽማግሌ ወጣ። የመጨረሻውን ሳምንት አልከፈለኝም። ጀበናውን ግን ረስቶ ሄዷል፤ እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምናፈላው።