በሁለት ስም የተከፈለው የምርምር መዝገቤ አንድ የሆነበት መንገድ

በእንግሊዝኛ ካሳተምኋቸው አምስት ጽሑፎች ውስጥ ስኮፐስ በተባለው የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት ላይ በስሜ ስፈልግ የሚወጡት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ፣ የተጠቀሱበትን ቁጥር እንደያዙ፣ የሌላ ሰው በሚመስል መለያ ሥር ተቀምጠው ነበር። የመጽሔቶች ማስገቢያ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ስለሆነ፣ በሦስቱ የአያቴን፣ በሁለቱ የአባቴን ስም በዚያ ቦታ ሞልቼ ነበር።

መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ ብጽፍ፣ በታተመ ጽሑፍ ላይ የደራሲን ስም ለመለወጥ ይፋዊ እርማት ማውጣት እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ቀጥሎ በጎግል ስኮላር፣ ማለትም በጎግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ሁለተኛ የደራሲ ገጽ ከፈትሁ፤ ክፍፍሉን ስላባባሰው ሰረዝሁት።

የሠራው በኦርኪድ፣ ማለትም 16 አሃዝ ባለው የተመራማሪ መለያ መጀመር ነው። ሌሎች መጠሪያዎች በሚመዘገቡበት ክፍል ሁለቱንም የስም ቅደም ተከተሎች፣ በላቲን ፊደል የሚለያዩ አጻጻፎችንም ጭምር አስገባሁ፤ አምስቱንም ጽሑፎች በዲኦአይ ቁጥራቸው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በሚሰጠው ቋሚ መለያ፣ ጨመርሁ። ከዚያም በስኮፐስ የደራሲ መረጃ ማረሚያ ቅጽ ሁለቱን መለያዎች አንድ ላይ መርጬ እንዲዋሃዱ ጠየቅሁ፣ የተዋሃደውንም ከኦርኪድ ቁጥሬ ጋር አገናኘሁ። ቅደም ተከተሉ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ፤ ማመልከቻውን ስሞላ የትኛው ጽሑፍ የእኔ እንደሆነ የሚያሳይ የተሟላ ዝርዝር በእጄ ነበርና። በጎግል ስኮላርም የጎደሉትን ሁለቱን በርዕሳቸው ፈልጌ ወደ ቀድሞው ገጼ ጨመርኋቸው። አሁን ለአዲስ ጽሑፍ ቅጽ ስሞላ የኦርኪድ ቁጥሬን አስቀድሜ አስገባለሁ፣ በቤተሰብ ስም ቦታም የአያቴን ስም ብቻ እጽፋለሁ።