የሚያንኮራፋ ተማሪ ልጅ፦ ከማዳመጥ እስከ ሕክምና

ልጁ የሚያንኮራፋው ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ከሆነ ጉንፋኑ ሲለቀው አብሮ ይተወዋል። ያለ ጉንፋን በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ካንኮራፋ ግን «ሲጫወት ውሎ ደክሞት ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ማዳመጥ ያለባችሁ እንደተኛ ሳይሆን ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው። የልጆች የአየር መተላለፊያ ይበልጥ የሚዘጋው ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ጊዜ ሲሆን፣ ይህ እንቅልፍ የሚበዛው ወደ ንጋት ላይ ነው። በ3 ሰዓት ያዳመጠ ወላጅ ምንም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። አጎበሩን ገለጥ፣ ልብሱን ከደረቱ ላይ ከፍ አድርጉና ፊቱ፣ አንገቱና ደረቱ አብረው እንዲታዩ በስልክ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቅረጹ። የትንፋሽ መቆም ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረቱ ግን መታገሉን አያቆምም፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይተነፍሳል። አፍ ከፍቶ አንገትን ወደ ኋላ ቀልብሶ መተኛት፣ ላብ፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመርም አብረው ይታያሉ። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ እንደ አዋቂ ከማንቀላፋት ይልቅ ይቅበጠበጣል፤ «ረባሽ» የሚባለው ተማሪ አንዳንዴ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው ነው።

እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው ያበጠ ቶንሲል፣ እንዲሁም ከአፍንጫ ጀርባ ያለውና አፍ ተከፍቶ የማይታየው፣ አዴኖይድ የሚባል ቶንሲል መሰል ሥጋ ነው። እንጥሉ ቢቆረጥም እነሱ እዚያው ናቸው፤ ልጁ የሚያተርፈው የደም መፍሰስ፣ የመመረዝና የመንጋጋ ቆልፍ አደጋ ነው።

አፍንጫው በአለርጂ ለሚታፈን ልጅ የጨው ውሃ ይረዳል። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ውሃ ለኩና ከፈላ በኋላ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ አቆዩት፤ አንድ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ሲቀዘቅዝ ከመኝታ በፊት በየአፍንጫው 2 ወይም 3 ጠብታ አድርጉ፤ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። ያልፈላ የቧንቧም ሆነ የጣና ውሃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ዕጣንና ከሰል ከመኝታ ክፍሉ ይውጡ፤ ጭሱ አፍንጫ ያሳብጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጋዝ ይገድላል። ብርድ ልብሱን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ። አጎበሩን ግን አታንሱት፤ ወባ አለና።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይተኛ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡናም ሻይም አይስጡት፤ ሻይም እንቅልፍ ይነሳል። ለማስተኛት ተብሎ የሚሰጥ የጉንፋን ሽሮፕ ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም።

የትንፋሽ መቆም ካያችሁ ቪዲዮውን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ለአንገት በላይ ሐኪም ሪፈር አጽፉ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ነቅቶም መተንፈስ ካቃተው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቶንሲሉና አዴኖይዱ በቀዶ ሕክምና ከወጡ በኋላ ኮዲን ያለበት ማስታገሻ አይሰጠው፤ ትንፋሽ ያዳክማል። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቅርፊቱ ሲነሳ ሊደማ ስለሚችል፣ ጥቂትም ደም ብታዩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ለቀዶ ሕክምናው ከዘጌ ወይም ከጣና ደሴቶች ወደ ባሕር ዳር የመጣችሁ እነዚህን ቀናት እዚያው ዘመድ ዘንድ ቆዩ፤ ሌሊት ጀልባ ማግኘት ከባድ ነው።