በእንግሊዝ አገር ሱቅ ለምትከፍቱ፦ ከታፔላው በፊት ፈቃዱን ጠይቁ

በእንግሊዝ አገር ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ፀጉር ቤት ለመክፈት የምትዘጋጁ ወገኖች፣ ለታፔላ ሠሪው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የፕላን ክፍል እንድታማክሩ አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የማስታወቂያ ደንብ መሠረት፣ የፊደሎቹ ቁመት ከ75 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ጫፉ ከመሬት ከ4.6 ሜትር ያላለፈና ከአንደኛ ፎቅ መስኮት ግርጌ በታች የዋለ መብራት አልባ ታፔላ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማመልከቻ ይሰቀላል። የሱቅ መስኮት በሌለው የጎን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በመብራቱ ነው። ፊደሎቹ ብቻ ሳይሆኑ መደቡ ጭምር የሚበራ ሳጥን መሰል ታፔላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ መብራት ባይኖረውም ሌላ የተለየ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህንን ማጣራት ይበጃል።

ማመልከቻው ፕላኒንግ ፖርታል በተባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ በኩል የሚቀርብ ሲሆን፣ የታፔላው ልክ፣ ከግድግዳው የሚወጣበት መጠን፣ ቀለሙና የመብራቱ ዓይነት በሥዕሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለባቸው። ውሳኔው በመደበኛነት 8 ሳምንት ስለሚወስድ የመክፈቻውን ቀን በዚሁ ልክ አስቡ። የአከራዩንም ስምምነት በጽሑፍ ያዙ፤ ያለ ፈቃድ መስቀል እስከ 2,500 ፓውንድ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የተሰጠው ፈቃድ በአብዛኛው ለ5 ዓመት ያገለግላል።