ጀልባ ላይ ከድመት ጋር ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የለንደን ቦዮች ዳር ረጃጅምና ጠባብ የብረት ጀልባዎች በረድፍ ታስረው ያየ ሰው፣ ከአንዱ ጣሪያ ላይ ተጋድማ ፀሐይ የምትሞቅ ድመት ሳያይ አይቀርም። በአምስተርዳም ካናሎችም፣ በሜዲትራኒያን ማሪናዎችም (የጀልባ ማቆሚያዎች) ያው ነው፤ ጀልባ ቤት ከሆነ ድመት አትጠፋም። ባለቤቶቹን ምን ያሰጋችኋል ብለው ቢጠይቋቸው አብዛኞቹ ማዕበል ይሉዎታል። ማዕበል ሲነሳ ግን ድመቷ አልጋ ሥር ተወሽቃለች። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ጀልባው ታስሮ፣ ሰውም ተዘናግቶ ቡናውን የሚጠጣበት ሰዓት ነው።

ውሃ ስለምትፈራ ጠርዝ አትጠጋም ማለት

ትጠጋለች። ዳክዬ ካየች፣ ዓሣ ከተንቦጫረቀ፣ ጎረቤት ጀልባ ላይ ሌላ ድመት ካለ መዝለሏ አይቀርም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ! በዚያ ላይ በጀልባውና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። ማለዳ በቀላሉ የተሻገረችው ቦታ፣ ነፋስ ጀልባውን ሲገፋው ወይም ባሕሩ ሲሸሽ በእጥፍ ይሰፋል። ጠርዙ ላይ ጤዛ ካለ ደግሞ ሳትዘል ገና ትንሸራተታለች።

ስለ መዋኘቷ ተጨንቆ መውጫዋን መርሳት

ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት ይህን አይዝለሉ። ድመት መዋኘት ትችላለች፤ ማንም ሳያስተምራት ጭንቅላቷን ከውሃ በላይ ይዛ በአራት እግሯ ትቀዝፋለች። የምትሞተው የምትቧጥጠው ነገር አጥታ ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ጎን እንደ ሸክላ ሰሃን ለስላሳ ነው፤ የብረቱም በቀለም ተለብጧል፤ የቦዩ ግንብ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ዙሪያውን ስትዋኝ፣ ስትቧጥጥ፣ ስትንሸራተት ትደክማለች። ውሃው ከቀዘቀዘ ጉልበቷ ቶሎ ያልቃል፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ጩኸቷን የሚሰማ የለም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከአሮጌ ምንጣፍ ሁለት ስንዝር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ያውጡ። አንዱን ጫፍ ጀልባው ላይ አጥብቀው ይሰሩት፤ ሌላው ጫፍ ከውሃው በታች ቢያንስ ክንድ ያህል ይግባ። ታችኛው ጫፍ ላይ ክብደት ይስፉበት፤ አለዚያ ይንሳፈፍና ድመቷ ስትይዘው ይሸሻታል። ምንጣፍ ከሌለ ወፍራም፣ ሸካራ ገመድም ይሆናል፤ ቀጭን ናይለን ግን ጥፍር አይይዝበትም። አንድ ብቻ አይበቃም፤ በግራ፣ በቀኝ፣ በኋላ፣ ከተቻለም ጀልባው በታሰረበት ግንብ ላይ ይሰቀል። አልጌ ሲይዘው ስለሚያንሸራትት በየጊዜው ይፈተግ። መጀመሪያ ግን ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ በምግብ እያባበሉ መውጣት ያስለምዷት። ትችል እንደሆነ ልይ ብሎ ውሃ ውስጥ መወርወር ጭካኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ አታምንዎትም።

የመርከብ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መርከብ ላይ የተወለደው ትሪም የሚባል ድመት፣ ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ማቲው ፍሊንደርስ ጋር አውስትራሊያን ዞሯል። ፍሊንደርስ ስለ ድመቱ በጻፈው ማስታወሻ፣ ትሪም ሲጫወት ከዒላማው እያለፈ ባሕር ውስጥ ይወድቅ እንደነበር፣ ገመድ ሲወረወርለት ግን ጨብጦ እየወጣ ይመለስ እንደነበር ይተርካል።

ከውሃ የወጣች ድመት ጨዉን ወይም ናፍጣውን ከጠጉሯ እየላሰች እንዳትውጥ በለብታ ንጹሕ ውሃ ትታጠብ፣ በፎጣ ትድረቅ፣ ቀስ ተብሎ ትሙቅ። ውሃ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ከሆነ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊታይ ይችላልና፣ ከሳለች ወይም አተነፋፈሷ ከፈጠነ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ክቡን መስኮት ከፍቶ መተው

በሴፕቴምበር 1914 ወደ አንታርክቲካ ጉዞ ላይ የነበረችው ኢንዱራንስ መርከብ ድመት፣ ሚሲስ ቺፒ፣ በካቢን መስኮት ዘሎ ባሕር ውስጥ ገባ። (ስሙ ወይዘሮ ቢሆንም ወንድ ነበር።) ተረኛው መኮንን ጩኸቱን ሰምቶ መርከቧን አዞራትና ድመቱን አወጡት፤ 10 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ዛሬ እርስዎ ገበያ ሄደው ድመቷ ከመስኮት ብትዘል ጀልባውን የሚያዞርላት የለም። የወባ ትንኝ መከላከያ መረብ በጥፍር ስለሚቀደድ አይበቃም፤ ለእንስሳት ተብሎ የሚሸጠውን ጠንካራ መረብ ይግጠሙ።

ማሰሪያዋን ማስረዘም

ዴክ ላይ፣ ማለትም የጀልባው ውጭ ወለል ላይ ስትወጣ ሃርነስ የሚባለውን የደረት ማሰሪያ ማልበስ ጥሩ ነው። ገመዱ ግን ጠርዙን የሚያሳልፋት ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ ትዘልና አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ወይም ከሃርነሱ ወደ ኋላ ሾልካ ትወድቃለች። የገመዱ ርዝመት የሚለካው ከታሰረበት ቦታ እስከ ቅርቡ ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ማጠር አለበት። በአንገት ቀበቶ ግን በፍጹም አትታሰር። ላይፍ ጃኬት ከገዙላት ጀርባው ላይ እጀታ ያለውን ይምረጡ፤ በረጅም መንጠቆ ስቦ ለማውጣት የሚያገለግለው እሱ ነው።

ድመቷን ሳያዩ ሞተር ማስነሳት

ሞተር ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ስለሚሞቅ፣ በብርድ ጊዜ ከሱ የተሻለ መኝታ የለም። ቀበቶው ሲሽከረከር የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ድመቷን በዓይንዎ ይዩ፤ "ፊት ለፊት ነበረች" ማለት ማየት አይደለም።

እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ ሌላም ጠላት አለ፤ አንቲፍሪዝ የሚባለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ዓይነት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል እንኳ ድመትን ይገድላል፤ ኩላሊቷን ያጠፋል። ጠጥታ ባትገኝም፣ የረገጠችውን ከእግሯ ልሳ ልትውጠው ትችላለች። እንደ ሰከረች መንገዳገድ ከጀመረች ነገ አይበሉ፤ መድኃኒቱ ለድመት የሚሠራው ከዋጠችው በኋላ በ3 ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ዘይትና ውሃም ያጽዱ፣ ክዳኑንም ይዝጉ።

ጭሱን መናቅ

በር ዘግተው ከከሰል ጋር ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎች ወሬ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ጀልባ ከክፍል ይጠባል፤ ምድጃውም ጄኔሬተሩም እዚያው ነው። በእንግሊዝ የጀልባ ደኅንነት ምርመራ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ግድ ሆኗል። ሌላ አገር ቢሆኑም ይግዙ።

ድመቷ ሳትመለስ ገመድ መፍታት

ድመት የምታውቀው ቦታውን ነው። ጀልባውን ሁለት መቶ ሜትር ቢያንቀሳቅሱት እሷ የምትመለሰው ወደ ድሮው ሥፍራ ነው። በእንግሊዝ ቦዮች ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት ስለማይፈቀድለት፣ ይህ ጣጣ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ልማዱን ቀድመው ያበጁ፦ ማታ ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ትመገብ ዘንድ ቆርቆሮ አንኳኩተው ይጥሯት፤ ከበላች በኋላ በሩን ይዝጉ፤ የሚነሱት በማግሥቱ ጠዋት ይሁን። አዲስ ቦታ ሲደርሱም ወዲያው አይልቀቋት።

የሰውና የውሻ መድኃኒት

አመማት ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ አንድ እንክብል ይገድላታል። ለውሻ ቁንጫ የሚደረገው ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታም እንዲሁ መርዟ ነው። ባሕሩ የሚያጥወለውላት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። ወንድ ድመት ሽንት ቤቱ እየተመላለሰ ጠብ የማይልለት ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ፤ ሽንቱ ከተዘጋ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ወረቀቷን ለመጨረሻ ማቆየት

በእንግሊዝ ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ማስገባት ግዴታ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። ቺፑ ላይ የሚመዘገበው ስልክ የሚሠራ ይሁን፤ የጀልባ ሰው አድራሻው ስለማይረጋ የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። ከፈረንሳይ ወይም ከሆላንድ በራስዎ ጀልባ ወደ እንግሊዝ ሲሻገሩ ግን ድመቷን መጫን አይፈቀድልዎትም። እሷ የምትገባው በተፈቀደ መስመር፣ ለምሳሌ በፌሪ (በመንገደኛ ማመላለሻ መርከብ) ነው፤ ስለዚህ ጀልባውን የሚነዳውና ድመቷን ይዞ በፌሪ የሚሄደው ማን እንደሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይወስኑ።