«ፎርማት አድርግ» ካለኝ ሜሞሪ ፎቶዎቹን እንዴት እንዳወጣሁ

የእህቴን ሠርግ ጠዋት ቤት፣ ከሰዓት ሐዋሳ አሞራ ገደል አነሳሁ። ማታ 32 ጊጋባይቱን ሜሞሪ ካርድ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ዊንዶውስ «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» አለኝ። ሆዴ ባር ባር አለ። እህቴ የእናታችንን ጉልበት ስማ ስትመረቅ ያነሳሁት እዚያ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ፎርማት አላደረግኩም። እናንተም እንዳታደርጉ፤ ምንም ነገርም አትጫኑበት።

የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ፣ ቼክዲስክን ሞከርኩ። ፋይል ሲስተሙ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘገብበት የካርዱ ማውጫ) «ሮው»፣ ማለትም ዊንዶውስ ሊያነበው የማይችል ስለሆነ አልሠራም አለ። ሬኩቫ የሚባለው የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራምም የፋይል ሲስተሙን ዓይነት መለየት አቅቶት ቆመ። ካርድ ሪደር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ።

የሠራው ፎቶሬክ የሚባል ሌላ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ቴስትዲስክ ከሚባል ፕሮግራም ጋር አብሮ ይወርዳል። ፎልደሩ ውስጥ ኪውፎቶሬክ የሚለውን ከፈትኩና ካርዱን በመጠኑ ለይቼ መረጥኩ። ቀጥሎ ከፋይል ሲስተም ዓይነቶቹ «ፋት» ያለበትን፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ ብቻ የሚፈትሸውን «ፍሪ» ሳይሆን ሁሉንም የሚፈትሸውን «ሆል» የሚለውን ነካሁ። የሚወጣው ፋይል የግድ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። እዚያው ካርዱ ላይ ካስቀመጣችሁት ገና ያልወጡትን ፎቶዎች ይደመስሳቸዋል። ፎቶሬክ የተበላሸውን ማውጫ ትቶ እያንዳንዱ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት ነው የሚፈልገው። ሌሎቹ ያቃታቸውን የቻለው ለዚህ ነው።

የፋይሎቹ ስም ግን ጠፍቷል። ሁሉም በቁጥር ተሰይመው ወጡ። የተነሱበት ሰዓት ፎቶው ውስጥ ስለተመዘገበ በእሱ ደረደርኳቸው። የእናታችን ምርቃት አንድም ሳይጎድል አለ።