ቅዳሜን ከደሴ ወደ ሐይቅ

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ነው ብላችሁ ግን አታርፍዱ፤ እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሩ ሜዳን ባልፍ ደስ ይለኛል። ጉም ካለ መብራት አብሩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ አትመኑ። ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ የወልድያን መንገድ ትታችሁ በቀኝ ወደ ውሃው ታጠፉ።

መጀመሪያ እስጢፋኖስ ገዳም ሂዱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ከሆናችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚቆይ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እዚያ ደርሶ ከመኮራረፍ።

ምሳ ያው ዓሣ ነው። ጥብሱን ከነአጥንቱ እዘዙ፤ በሎሚና በሚጥሚጣ ወላሂ ሌላ ነው! ፊሌቶው ለልጆች ይሁን። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ልጆቹ ከዳር ርቀው ወደ ውስጥ እንዳይገቡ። ሳይመሽ ተመለሱ፤ ሽቅቡን ከጭነት መኪና ኋላ መጎተት ያሰለቻል።